ልጅ በሲፒኤስ ሲወሰድ የትኛው መንገድ ይሻላል? ሜዲዬሽን፣ የቤተሰብ ስብሰባ፣ የጠበቆች ስምምነት፣ ችሎት እና ሽምግልና ሲነጻጸሩ

አሜሪካ ውስጥ በሲፒኤስ (በመንግሥት የልጆች ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ልጁ ከቤት የተወሰደበት ወላጅ በመጀመሪያው ሳምንት ምክር ይዘንብበታል። አንዱ «ሜዲዬሽን ጠይቅ፣ ቶሎ ይገላግልሃል» ይለዋል፤ በገለልተኛ አስማሚ ፊት ተቀምጦ መነጋገር ማለቱ ነው። ሌላው «ምንም ወረቀት እንዳትፈርም፣ ችሎት ይታይ» ይላል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች «ለእኛ ተዉት፣ እንጨርሰዋለን» ይላሉ። ሶሻል ወርከሯ የቤተሰብ ስብሰባ አለ፣ ዘመድ ይዛችሁ ኑ ትላለች። ጠበቃው ደግሞ የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ጠጋ ብሎ «ከመንግሥት ጠበቃ ጋር ተነጋግሬያለሁ፣ ብንስማማ ይሻላል» ይላል።

ሁሉም የሚመክሩት በቅን ልብ ሊሆን ይችላል። ግን አምስቱ መንገዶች አንድ አይደሉም። የሚወስነው ሰው ይለያያል። የተናገራችሁት ቃል የሚደርስበት ቦታ ይለያያል። ልጁ ቤት የሚመለስበት ጊዜም ይለያያል። ስለዚህ ከመምረጣችን በፊት ጎን ለጎን አስቀምጠን እንያቸው።

የምጽፈው ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸውን ዋሽንግተን ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን እያሰብኩ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም ተመሳሳይ መንገዶች ይገጥሟችኋል፤ ስማቸውና ዝርዝራቸው ግን ይለያያል። ይህን ይዛችሁ የራሳችሁን ጠበቃ ጠይቁ። ኬዙን የሚያውቀው እሱ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። እንበልና እናት ሌሊት ሌሊት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች። አባት ታክሲ ይነዳል። ልጆቹን የምትጠብቀው ሴት አንድ ማታ ቀረች። የ9 ዓመቱ ልጅና የ4 ዓመት እህቱ ብቻቸውን አደሩ። ትንሿ ሌሊት ተነስታ ኮሪደር ላይ ስታለቅስ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ትልቁ ልጅ ሲጠየቅ «ባለፈው አባዬ በቀበቶ መታኝ» አለ። እግሩ ላይም ሰንበር ተገኘ። ልጆቹ ተወሰዱ። አገር ቤት በጎረቤት ቁጣና በአክስት ምክር ሊያልፍ የሚችል ነገር እዚህ የፍርድ ቤት ኬዝ ሆነ።

## ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል

ልጅ ከቤት ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው ችሎት ቅርብ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ፍርድ ቤት በሚሠራበት በቀጣዩ ቀን ይታያል። ቨርጂኒያ ውስጥ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። ዲሲም ቢሆን የቀናት ጉዳይ ነው።

ከዚያ በላይ የሚያሳስበው ግን ረጅሙ ሰዓት ነው። በ1997 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። ልጅ ካለፉት 22 ወራት ውስጥ 15ቱን በፎስተር ኬር (ከወላጆቹ ተለይቶ በመንግሥት አሳዳጊነት ሥር) ካሳለፈ፣ መንግሥት የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ማመልከት አለበት ይላል። ልጁ ዘመድ ጋር ከሆነ፣ ወይም መንግሥት ለቤተሰቡ መስጠት የነበረበትን እርዳታ ካልሰጠ፣ ማመልከቻው ሊቀር ይችላል። በ12 ወር ውስጥ ደግሞ የልጁ ዘላቂ ማረፊያ የት ይሁን የሚለው በዳኛ ፊት ይታያል።

ለአዋቂ 15 ወር አጭር ነው። ለ4 ዓመት ልጅ ግን ቋንቋዋን የምትረሳበት ጊዜ ነው። «ዝም ብለን እንጠብቅ፣ ጊዜ ይፈታዋል» የሚለው ምክር እዚህ ልጅ ያሳጣል። ማንኛውንም መንገድ ስትመዝኑ መጀመሪያ ይህን ሰዓት አስቡ።

## በምን እንመዝናቸው?

እኔ ለእያንዳንዱ መንገድ ስድስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ልጁን ምን ያህል ቶሎ ወደ ቤት ወይም ወደ ዘመድ ያመጣል? የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማነው? የተናገርኩት ነገር ወዴት ይሄዳል? ምን አምኜ እንድፈርም እጠየቃለሁ፣ እሱስ በወንጀል ወይም በኢሚግሬሽን በኩል ምን ይዞብኝ ይመጣል? በቋንቋዬ የልቤን መናገር እችላለሁ? በኪሴም በሥራ ሰዓቴም ምን ያስወጣኛል?

ሰባተኛም አለ፤ እሱ ግን የሁሉም አይደለም። ከባልሽ ወይም ከሌላ የቤተሰብ ሰው የምትፈሪ ከሆነ፣ እሱ ባለበት ክፍል ውስጥ እውነቱን መናገር ትችያለሽ? የዚህ መልስ «አልችልም» ከሆነ የቀሩትን ስድስቱን ሁሉ ይቀድማል።

## ሜዲዬሽን

በዲሲ የሜዲዬሽን አገልግሎቱን የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት (ሱፒሪየር ኮርት) መልቲ ዶር የሚባለው ክፍል ነው። ክፍሉ ከ1985 ጀምሮ ይሠራል። ለወላጅ በነጻ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ እንደየካውንቲው ይለያያል። «ይኖራል?» ብሎ መጠየቅ የጠበቃችሁ ሥራ ነው።

ክፍሉ ምን ይመስላል? ጠረጴዛ ዙሪያ አስማሚው፣ አንዳንዴ ሁለት ሆነው፣ ይቀመጣሉ። እናት ከጠበቃዋ ጋር ናት። አባትም የራሱ ጠበቃ አለው፤ ባልና ሚስት ቢሆኑም በእንዲህ ዓይነት ኬዝ ጥቅማቸው ሊለያይ ስለሚችል አንድ ጠበቃ አይጋሩም። ሶሻል ወርከሯ፣ የመንግሥት ጠበቃና ልጆቹን የሚወክለው ጠበቃ አሉ። አስተርጓሚም አለ። ዳኛ የለም። አስማሚው አይፈርድም፣ «አንተ ነህ ጥፋተኛው» አይልም። ስምምነት ከተገኘ ይጻፍና ለዳኛ ይቀርባል። ዳኛው ካጸደቀው በኋላ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይሆናል።

ትልቁ ጥቅሙ የመናገሪያ ጊዜ ማግኘታችሁ ነው። በችሎት ወላጅ የሚናገረው ለደቂቃዎች ነው፤ ያውም በጠበቃና በአስተርጓሚ በኩል። በሜዲዬሽን አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ሊቀመጡ ይችላሉ። በምሳሌያችን ያለችው እናት ጠባቂዋ የቀረችው በምን እንደሆነ፣ ሥራ ብትቀር ምን ይገጥማት እንደነበር ማስረዳት ትችላለች። ሶሻል ወርከሯ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማው እዚያ ሊሆን ይችላል። ጥያቄውም ይቀየራል። «ለምን ጥላችኋቸው ሄዳችሁ?» ከማለት «ከነገ ጀምሮ ማታ ማታ ማን ጋር ያድራሉ?» ወደሚል ይመጣል። ይህን ደግሞ ከወላጆቹ በላይ የሚመልስ የለም። የአክስት ቤት፣ የፈረቃ ለውጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤት... መፍትሔው ያለው እነሱ ዘንድ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ዝርዝሩ ነው። «አባት የወላጅነት ትምህርት ይወስዳል» የሚል ስምምነት ወላጅን ይጥላል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ሆኖ፣ አባት በፈረቃው ምክንያት ሁለቴ ቀርቶ፣ ሪፖርቱ ላይ «አልተባበረም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ጥሩው ስምምነት እንዲህ ይላል፦ አባት በአማርኛ የሚሰጥ ወይም አስተርጓሚ ያለው ትምህርት ይወስዳል፤ ቦታውን ኤጀንሲው (ልጆቹን የወሰደው መሥሪያ ቤት) በ2 ሳምንት ውስጥ ፈልጎ ያሳውቃል፤ ክፍያውን ኤጀንሲው ይሸፍናል፤ ሰዓቱ ከሥራው ጋር እንዳይጋጭ ይደረጋል። የጉብኝቱም ነገር እንደዚሁ ነው። «በቂ ጉብኝት ይኖራል» ዋጋ የለውም። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን ያመጣቸዋል፣ አማርኛ መናገር ይፈቀዳል ወይ፣ እናት ምግብ ይዛ መምጣት ትችላለች ወይ፣ ልጆቹ በጾሙ ጊዜ ምን ይበላሉ፣ ሁሉም ይጻፍ። አንዳንድ ቦታ ጉብኝቱን የሚቆጣጠረው ሰው የሚባለውን እንዲሰማ በእንግሊዝኛ ብቻ አውሩ ይባላል። እናትና ልጅ በቋንቋቸው እንዳይነጋገሩ ከማድረግ አስተርጓሚ መመደብ ይቻላል። ይህን አንስቶ ለመነጋገር ከሜዲዬሽን የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ችግሮቹም ቀላል አይደሉም። ትልቁ የምስጢር ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው «እዚያ የተባለው ሁሉ እዚያው ይቀራል» ብሎ ይገባል። በአብዛኛው የሜዲዬሽን ንግግር ይጠበቃል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ከዚህ በፊት ያልታወቀ የልጅ ጥቃት ከተነሳ፣ ወይም ሰው ላይ ዛቻ ከተሰነዘረ፣ ሪፖርት ሊደረግ ይችላል። የልጆች ጥበቃ ኬዝ የራሱ ልዩ ሕግ ሊኖረውም ይችላል። ከመግባታችሁ በፊት የምትፈርሙት የምስጢር ቅጽ አለ። በአማርኛ አስነብቡት። የወንጀል ምርመራም ጎን ለጎን ካለ የወንጀል ጠበቃችሁ ሳያውቅ አንድ ቃል አትናገሩ።

ሌላው የእኛው የራሳችን ነገር ነው። እኛ ለአክብሮት «እሺ» እንላለን። ሰው ሲያናግረን አንገታችንን እንነቀንቃለን። ሰምቻለሁ ለማለት እንጂ ተስማምቻለሁ ለማለት አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ግን «እሺ» ስምምነት ሆኖ ይጻፋል። ይሉኝታ ይዟችሁ የማትችሉትን ነገር ከተቀበላችሁ፣ ከሦስት ወር በኋላ ባለመፈጸማችሁ የሚቀጡት ልጆቹ ናቸው። «ይህን አልችልም፣ ይህን ግን እችላለሁ» ማለት ነውር አይደለም። አስማሚው የሚፈልገው እሱን ነው።

ሦስተኛው የኃይል ሚዛን ነው። ቤት ውስጥ ድብደባ ካለ ባልና ሚስት አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ የለባቸውም። በተለያየ ክፍል፣ ወይም በተለያየ ሰዓት፣ ወይም በቪዲዮ ማድረግ ይቻላል። ይህን አስቀድማችሁ ለጠበቃችሁ ንገሩ። እዚያው ደርሶ ማንሳት ከባድ ነው።

## የቤተሰብ ስብሰባ

በዲሲ ፋሚሊ ቲም ሚቲንግ ይባላል። የዚህ ዓይነቱ ስብሰባ መሠረት ኒውዚላንድ ነው። አገሪቱ በ1989 ባወጣችው ሕግ ውሳኔውን መጀመሪያ ለሰፊው ቤተሰብ ሰጠች፤ ሐሳቡ ከማኦሪ ሕዝብ የቤተሰብ ወግ የተወሰደ ነው። በዚያ አሠራር ባለሥልጣናቱ የሚያውቁትን ተናግረው ከክፍሉ ይወጣሉ፤ ቤተሰቡ ብቻውን ይመክራል። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግን ያ የብቻ ጊዜ በሁሉም ቦታ አይሰጥም።

ከሜዲዬሽን የሚለየው ስብሰባውን የሚጠራውም የሚመራውም ብዙውን ጊዜ ልጁን የወሰደው ኤጀንሲ ራሱ መሆኑ ነው። መሪው ሰው ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ ገለልተኛ የፍርድ ቤት አስማሚ ግን አይደለም። የምትናገሩት ፋይል ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጠበቃ ይዞ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ከተቻለ ይዛችሁ ግቡ።

ጥንካሬው ፍጥነቱና ዘመዱ ነው። «ልጆቹ ዛሬ ማታ የት ይደሩ?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ነው። በ2008 የወጣ የፌዴራል ሕግ ልጅ ከተወሰደ በ30 ቀን ውስጥ አዋቂ ዘመዶቹ እንዲነገራቸው ያዛል። እናንተ ግን 30 ቀን አትጠብቁ። አክስት፣ አጎት፣ አያት፣ በብዙ ቦታ የክርስትና እናት ጭምር ሊቆጠሩ ይችላሉ። ስማቸውን፣ ስልካቸውን፣ ቤታቸው ስንት መኝታ እንዳለው ጽፋችሁ ግቡ። እዚያ ቤት የሚኖር አዋቂ ሁሉ እንደሚጣራ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። «ወንድሜ ቤት ይሁኑ» ተብሎ፣ ኋላ ቤቱን የሚጋራው ሰው ማጣሪያውን ባለማለፉ ልጆቹ ሁለተኛ ጊዜ መነቀል የለባቸውም።

## የጠበቆች ስምምነት

ይህ ኮሪደር ላይ የሚደረገው ነው። ጠበቃችሁና የመንግሥት ጠበቃ ተነጋግረው ክሱ ላይ ካሉት ነጥቦች የምታምኑት እንዳለ ይቆያል፣ የማታምኑት ይሰረዛል፤ ተጽፎ ለዳኛ ይቀርባል። ፈጣን ነው። እውነታው ላይ ክርክር ከሌለና የሚቀረው የአገልግሎት ጉዳይ ብቻ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው።

አደጋው ሳይገባችሁ መፈረማችሁ ነው። «በቀበቶ መታ» የሚለውና «ልጁን ለጉዳት የሚያጋልጥ ቅጣት ተጠቀመ» የሚለው በአማርኛ ሲነገር ተቀራራቢ ሊመስል ይችላል። በወረቀት ላይ ግን ልዩነቱ ሰፊ ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊ ዜጋ ላልሆነ ወላጅ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በልጅ ላይ በደል በመፈጸም በወንጀል መፈረድ ከአገር ለመባረር ምክንያት ይሆናል። የልጆች ጥበቃ ኬዝ የወንጀል ፍርድ አይደለም፤ ያመናችሁት ቃል ግን ወደ ሌላ ፋይል ሊሻገር ይችላል። ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ አሳይለም የጠየቃችሁ፣ ዜግነት የምትጠብቁ ሰዎች ከመፈረማችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አንድ ጊዜ ያንብበው። በሜዲዬሽን የሚፈረመውም ላይ ይኸው ይሠራል።

## ችሎት

መንግሥት የሚለው እውነት ካልሆነ መንገዱ ይህ ነው። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሕፃናት ላይ ሲወለዱ ጀምሮ ወገባቸውና መቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ መሳይ ምልክት መኖሩ የተለመደ ነው። የማያውቅ ሰው የድብደባ ሰንበር ሊመስለው ይችላል። እንዲህ ላለው ነገር ምንም የሚስማሙበት የለም። የሐኪም ማስረጃ ይዞ መከራከር ነው።

በችሎት ማስረዳት ያለበት መንግሥት ነው። ምስክር ይጠየቃል፣ ይግባኝ አለ። የወላጅነት መብት እስከ መቋረጥ ከሄደ ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በሳንቶስኪ ጉዳይ እንደወሰነው ማስረጃው ግልጽና አሳማኝ መሆን አለበት። ያው ፍርድ ቤት በ1981 ሕገ መንግሥቱ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ለእያንዳንዱ ድሃ ወላጅ ጠበቃ ይቁም አይልም ብሎ ነበር። ደግነቱ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በራሳቸው ሕግ ለመክፈል ለማይችል ወላጅ ጠበቃ ያቆማሉ። ይህን መብት ሳትጠይቁ እንዳትቀሩ።

ጉዳቱ ጊዜው ነው። ምስክር ሲጠራ፣ ቀጠሮ ሲራዘም፣ የ15 ወሩ ሰዓት አይቆምም። ልጁም ስለ አባቱ እንዲመሰክር ሊጠየቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ቤት ቢመለስ በመካከላቸው የሚቀረውን ነገር አስቡት። በሌላ በኩል ችሎት መርጣችኋል ማለት ሜዲዬሽን ቀረ ማለት አይደለም። ዳኛው እውነታውን ከወሰነ በኋላ የጉብኝቱንና የአገልግሎቱን ዝርዝር በሜዲዬሽን መጨረስ ይቻላል።

## ሽምግልና

ሽምግልናን የማነሳው በአክብሮት ነው። ብዙ ትዳር ያቆመ፣ ብዙ ደም ያደረቀ ወጋችን ነው። እዚህ ግን ሊሠራ የማይችለውን ሥራ መስጠት የለብንም። ሽማግሌ ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ያስታርቃል። በዚህ ኬዝ ግን አንደኛው ወገን መንግሥት ነው፤ በሽማግሌ ቃል ኬዝ አይዘጋም። ሶሻል ወርከሯ ጋ ደውሎ «እኛ አስታርቀናል» ማለት ፋይሉ ላይ ጫና ተደረገ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ልጁን «አልመታኝም በል» ማለት ደግሞ ቤተሰቡን ገደል ይከተዋል።

ሌላም ነገር አለ። ለሽማግሌ የተነገረ ቃል በሕግ ምስጢር አይደለም። ፍርድ ቤት ሊጠራቸው ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ማንኛውም ሰው በልጅ ላይ ጥቃት መድረሱን ከጠረጠረ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ለንስሐ አባት የሚነገር ኑዛዜ በብዙ ቦታ ጥበቃ አለው፤ ሳሎን ውስጥ ቡና እየተጠጣ የተወራው ግን የለውም።

ታዲያ ሽማግሌዎች ምን ይሥሩ? ባልና ሚስት እርስ በርስ መወነጃጀል ከጀመሩ ያርግቧቸው። «ያንቺ ጥፋት፣ ያንተ ጥፋት» የሚለው ቤት ውስጥ ካልበረደ ሜዲዬሽኑ ላይ ይፈነዳል። ቤተሰብ ስብሰባው ላይ ደግሞ ይገኙ፤ ግን ይቅርታ ለመለመን ሳይሆን «ረቡዕና ዓርብ ማታ ልጆቹ እኛ ቤት ያድራሉ፣ አድራሻችን ይኸው» ለማለት። ዳኛ የሚሰማው እንዲህ ያለውን ነው።

## በአንድ እይታ

| መንገድ | የሚወስነው | ፍጥነት | ምስጢር | ወጪ | የሚሻለው ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ሜዲዬሽን | ተሳታፊዎቹ፤ ዳኛ ያጸድቃል | ከችሎት ክርክር ይፈጥናል | በአብዛኛው ይጠበቃል፣ ልዩ ሁኔታ አለው | በፍርድ ቤት በኩል ዲሲ ላይ ነጻ | ችግሩን ለሚያምን፣ በመፍትሔው ለማይስማማ |
| የቤተሰብ ስብሰባ | በአመዛኙ ኤጀንሲው | በጣም ፈጣን | ደካማ | ነጻ | ልጅ ዘመድ ጋር እንዲሄድ ለሚፈልግ |
| የጠበቆች ስምምነት | ጠበቆቹና እናንተ፤ ዳኛ ያጸድቃል | በጣም ፈጣን | የፈረማችሁት ፋይል ውስጥ ይቀራል | የጠበቃ ክፍያ፣ ወይም የተመደበ ጠበቃ | እውነታው ላይ ክርክር ለሌለው |
| ችሎት | ዳኛ | ዘገምተኛ | መዝገብ ላይ ይሰፍራል | በግል ጠበቃ ከሁሉም ውድ | ክሱ ሐሰት ለሆነበት |
| ሽምግልና | ኬዙ ላይ ማንም አይወስንም | ወዲያው | በሕግ ጥበቃ የለውም | ነጻ | ባልና ሚስትን ለማርገብ፣ ዘመድ ለማስተባበር |

## እንደየሁኔታችሁ

ያጠፋነው አለ፣ ግን ልጆቹን ማሳደግ እንችላለን የምትሉ፦ የምሳሌያችን ቤተሰብ እዚህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የቤተሰብ ስብሰባው ላይ አክስትን ይዛችሁ ግቡ፤ ልጆቹ ከማያውቁት ቤት ይውጡ። ከዚያ ጠበቃችሁን ሜዲዬሽን እንዲጠይቅ ንገሩት። የቀበቶው ጉዳይ ላይ የወንጀል ምርመራ መኖር አለመኖሩን ግን መጀመሪያ ያጣራ።

ክሱ ውሸት ነው የምትሉ፦ ችሎት። ሰላማዊ ለመባል ብላችሁ ያላደረጋችሁትን አትፈርሙ። እስከዚያው ድረስ ግን ስለ ጉብኝት ብቻ የሚነጋገር ሜዲዬሽን መጠየቅ ትችላላችሁ።

ባልሽን የምትፈሪ ከሆነ፦ ለጠበቃሽ ለብቻሽ ንገሪ። የጋራ ስብሰባም የጋራ ሽምግልናም እምቢ ማለት ትችያለሽ። የራስሽ ደኅንነት እቅድ ተጽፎ መቅረቡ ልጆቹን ለማስመለስ ይጠቅምሻል።

ልጁ የናንተ ያልሆነ፣ ዘመድ የሆናችሁ፦ ጣልቃ ላለመግባት ብላችሁ አትራቁ። ለሶሻል ወርከሯና ለልጁ ጠበቃ በጽሑፍ «ልጁን መቀበል እንችላለን» በሉ። ቀኑ ያለበት ኢሜይል ይሁን።

ኪሳችሁ ለሳሳ፦ የተመደበ ጠበቃ ጠይቁ፤ የግል አስማሚ መክፈል አያስፈልጋችሁም። የማይታየው ወጪ የቀረ ፈረቃ ነው። በቪዲዮ መግባት ይቻል እንደሆነ፣ ቀጠሮው ከሌሊት ሥራ በማግስቱ ጠዋት እንዳይሆን ጠይቁ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ሰው በማለዳ ስለ ልጁ መደራደር የለበትም።

አቅም ላላችሁ፦ ገንዘቡን የሁለተኛ ጠበቃ አስተያየት ላይ፣ በተለይም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ላይ አውሉት። የሐኪም ማስረጃ የሚያስፈልገው ኬዝ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ላይ።

## አስተርጓሚው

በዲሲ በ2004 የወጣ የቋንቋ መብት ሕግ አለ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች በዚህ ሕግ አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚ ስትጠይቁ እየለመናችሁ አይደለም።

ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የ9 ዓመት ልጅ በራሱ ምክንያት ስለተከፈተ ኬዝ በአባቱና በሶሻል ወርከሯ መካከል ቆሞ መተርጎም አይገባውም። የሰፈር ሰውም አይሁን፤ ወሬው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይቀድማችኋል። አፍ የፈታችሁት በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ ከሆነ በዚያ ጠይቁ። ኢትዮጵያዊ ሁሉ አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል ብለው የሚመድቡ አሉ። አስተርጓሚው ካልገባችሁ «አልገባኝም፣ ይቀየርልኝ» በሉ፤ ንግግሩ መዝገብ ላይ ይስፈር።

## ብዕሩን ከማንሳታችሁ በፊት

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ መጨረሻው ወረቀት ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃችሁን እነዚህን ጠይቁት፦

- ምን አድርጌያለሁ ብዬ ነው የማምነው? ቃል በቃል በአማርኛ ይነበብልኝ።
- ልጆቹ ቤት እንዲመለሱ የሚቀረኝ ነገር ተዘርዝሯል? እያንዳንዱ ቀን አለው?
- ኤጀንሲው ራሱ የሚፈጽመው ምንድነው፣ ካልፈጸመስ ለማን እናገራለሁ?
- ጉብኝቱ መቼ፣ የት፣ ስንት ሰዓት ነው? እየተሻሻለ ሲሄድ እንዴት ይጨምራል?
- አንዱን ነገር መፈጸም ቢያቅተኝ ቀኑ ከማለፉ በፊት ለማን እደውላለሁ?

«ይህ እንኳ ቀላል ነው፣ ኋላ እናስተካክለዋለን» ቢሏችሁ ኋላ አትበሉ። እዚያው ይጻፍ። የተረጎመላችሁ ሰው እስከ መጨረሻው መስመር አብሯችሁ ይቀመጥ፤ ኮፒውንም ይዛችሁ ውጡ።